የቴርሞካፕል ሰርኪዩት ያለ ምድጃ ለመፈተሽ

ቴርሞካፕል (ሙቀትን ወደ ጥቃቅን ቮልቴጅ የሚለውጥ የሙቀት መለኪያ) የሚያነብ ሰርኪዩት ሠርታችሁ በትክክል መለካቱን ለማየት 1000 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ ፍለጋ አትውጡ። በቴርሞካፕሉ ምትክ ተመሳሳይ ቮልቴጅ የሚሰጥ፣ እንደ ኤምሲፒ4725 ያለ ርካሽ ዳክ (ቁጥርን ወደ ቮልቴጅ የሚቀይር ቺፕ) ይበቃል። መውጫውን በ10 ኪሎ ኦም እና በ100 ኦም ሬዚስተር ከፋፍሉት፤ 5 ቮልቱ ወደ 49.5 ሚሊቮልት ይወርዳል፣ የዳኩ አንዷ እርምጃ ደግሞ 12 ማይክሮቮልት አካባቢ ትሆናለች፣ ለኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ከግማሽ ዲግሪ በታች ማለት ነው።

ግን በኮዱ ያስገባችሁትን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትመኑ። ቺፗ የምትመግቧትን ቮልቴጅ ራሱን ማመሳከሪያ ስለምታደርግ የዩኤስቢው ረብሻ ሁሉ መውጫው ላይ ይመጣል (ርካሽ ያልኩት በምክንያት ነው)። ከመከፋፈያው በፊት ያለውን በጥሩ መልቲሜትር ለኩ፣ ሬዚስተሮቹንም እንደዚሁ፣ ከዚያ አስሉ። የኮልድ ጃንክሽን ማካካሻውንም (ሰርኪዩቱ የክፍሉን ሙቀት በንባቡ ላይ የሚደምርበትን ስሌት) አጥፉት፤ አለዚያ ንባቡ በክፍሉ ሙቀት ያህል ከፍ ይላል።