ከታፔላ የጀመረ ለውጥ፦ ሥራና ኑሮን እንደ አዲስ ሲጀምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ፎቶ ቤቴም አብሮ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ቀድሞ ደክሞ ነበር። የእኛ እንጀራ ጉርድ ፎቶ ነው። ፋይዳ መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ግን አሻራውን ሲሰጥ ፎቶውንም እዚያው ይነሳል። እናም በሃምሳ ዓመቴ ሌላ ሰው ልሁን ብዬ ተነሳሁ። የት የት እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ፤ እናንተ አትድገሙት።

መጀመሪያ ያሠራሁት ታፔላ ነው። አዎ፣ ታፔላ! ምን እንደምሸጥ እንኳ በቅጡ አልወሰንኩም። አራት ኪሎ ትንሽ ሱቅ ይዤ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፈልኩ። ገንዘቡ የእቁብ ነው። ዕጣ ቀድሞ ሲወጣ ሀብት ይመስላል፤ ዕዳ መሆኑን ሰው ይረሳል። ሱቁ ሳይከፈት እሑድ እሑድ ጸሐፊው ይጠብቀኛል። የእቁብ ብር ለኪራይ አታድርጉት። ዕቃ ግዙበት፤ ዕቃ ቢያንስ ይሸጣል።

ሁለተኛው ጎረቤትን አይቶ መግባት ነው። ሕንፃው ውስጥ ያለው ሁሉ የስልክ ከቨርና ቻርጀር ይሸጣል፤ እኔም ሸጥኩ። ስለ ስልክ የማውቀው መደወል ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የቆዩት ነጋዴዎች ወዲያው ገባቸውና ዋጋ አስተካከሉ። እኔ በአሮጌው ዋጋ ሸጬ "ገበያ ደራልኝ" እያልኩ ነበር። መርካቶ ስወርድ በሸጥኩበት ብር መደርደሪያዬን መልሼ መሙላት አቃተኝ። በማታውቁት ሥራ ኪሳራ ትርፍ መስሎ ነው የሚመጣው።

የአሮጌውን ሱቅ ንግድ ፈቃድ አለመመለስም አለ። ሱቁ ቢፈርስም ፈቃዱ እስካልተመለሰ ግብር ቢሮ ነጋዴ ናችሁ ብሎ ይጠብቃችኋል። በጊዜ ጨርሱት።

የሚቆጨኝ ግን አሮጌውን ሁሉ ለመጣል መቸኮሌ ነው። ስልክ ቁጥሬን ሳይቀር ቀየርኩ፤ የስንት ዓመት ደንበኛ የያዘ ቁጥር! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። የኔጋቲቭ ካርቶኖቼን ለቁራሌው ልሰጥ በር ላይ ሳወጣ ባለቤቴ መጥታ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አንዱንም ነገር ከእሷ ጋር አልመከርኩም። እሱም ራሱን የቻለ ስህተት ነው።

በቅርቡ ለቅሶ ቤት አንዲት የድሮ ደንበኛ አገኘችኝ። ሰርጓን በ1990ዎቹ ያነሳሁላት ናት።

"ጋሼ፣ ቤት ስንቀይር አልበሙ ጠፋብን። ኔጋቲቩ ይኖር ይሆን?"

ሁለት ቀን ፈልጌ አገኘሁት። ስካን አድርጌ በቴሌግራም ላክሁላት። ከዚያ ወዲህ እህቷ ደወለች፣ ቀጥሎ ሚዜዋ፣ ቀጥሎ የሚዜዋ ጎረቤት። አልጋ ሥር ገና ያልተከፈቱ አራት ካርቶኖች አሉ። ለዚህኛው ሥራ ግን እስካሁን ታፔላ አላሠራሁም።