በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የከብት ፍግን በአግባቡ ስለ መያዝ

በባሕር ዳር ከተማ በግቢው ሁለት የወተት ላሞች የሚያረባ ሰውም ሆነ በፎገራ ሜዳ በረት ሙሉ ከብት ያለው ገበሬ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እበትና የዝናብ ውኃ ከተገናኙ መድረሻቸው ጣና ወይም ዓባይ መሆኑ ነው። በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ በየቦዩ ወደ ሐይቁ የሚገባ እበት በያዘው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አልጌንና እምቦጭን ይመግባል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ቢበልጥም እጅግ በጠለቀበት ስፍራ እንኳ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ የገባበትን ሁሉ ውጦ የሚያስቀር ውኃ አይደለም። ስለዚህ የፍግ አያያዝ ዋናው ሥራ ፍጉን ከዝናብ መለየት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ቦታ በመምረጥ ነው። የፍጉ ማከማቻ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ከሐይቁ ዳርና ከወንዝ ደግሞ ከዚያ በላይ ይራቅ። የጉማራና የርብ ወንዞች በክረምት ሞልተው በሚተኙበት አካባቢ የሚኖር ሰው ያለፈው ጎርፍ በግድግዳና በዛፍ ግንድ ላይ የተወውን የጭቃ መስመር አይቶ ከዚያ ከፍ ያለ ቦታ መያዝ ይኖርበታል። በባሕር ሽሽት መሬት ላይ ፍግ መከመር ፈጽሞ አይገባም፤ በሰኔ ደርቆ የታየውን መሬት ሐይቁ እስከ መስከረም ተመልሶ ይይዘዋልና። በጠባብ የከተማ ግቢ ይህን ያህል ርቀት ስለማይገኝ፣ ወለሉ በሲሚንቶ የተለሰነና ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሣጥን መሥራት፣ ሲሞላም አትክልት ለሚያለሙ ሰዎች አስቀድሞ ተነጋግሮ መስጠት የተሻለ ነው። ክዳኑን እንደ ትርፍ ወጪ የሚያዩት አሉ፤ እኔም አንድ ዓመት ክምሩን ሳልሸፍን ትቼው በሐምሌ አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ ቡናማውን ውኃ በአጥሩ ሥር አሳልፎ የጎረቤቴን የጎመን መደብ አጥለቀለቀው። ከዚያ ወዲህ ከግንቦት አጋማሽ በፊት ክዳኔን ሳላጠብቅ አላድርም።

ከክምሩ በላይ በኩል አንድ ጠባብ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር፤ የቤቱ ጣሪያ ውኃም በአሸንዳ ተይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሂድ። የበረቱ ወለል ወደ አንድ ጎን በመጠኑ ያዘቀዘቀ ሆኖ ሽንቱ ገለባ ወደተነሰነሰበት ትንሽ ጉድጓድ ቢወርድ፣ ገለባው ሽንቱን መጥጦ ራሱ ጥሩ የፍግ ግብዓት ይሆናል። እበቱን በየዕለቱ ጠዋት መጥረግ ይገባል። የቤት ዝንብ በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ለመድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ስለሚበቃው፣ አንድ ሳምንት የተኛ እበት ለሰፈሩ ሁሉ ዝንብ ያፈላል።

የተጠረገው እበት እንዳለ ተከምሮ ከተተወ በውስጡ አየር ስለማያገኝ ይሸታል፤ በውስጡ ያሉት የአረም ዘሮችና በሽታ አምጪ ተዋሲያንም አይሞቱም። ለዚህ መፍትሔው ከደረቅ ነገር ጋር ማብላላት ነው። ለአንድ ባልዲ እበት ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ የሩዝ ገለባ፣ የጤፍ ጭድ ወይም የደረቀ ቅጠል በየተራ እየተነጠፈ፣ ቁመቱም ስፋቱም ከአንድ ሜትር የማያንስ ክምር ይሠራ፤ ከዚህ ያነሰ ክምር ሙቀቱን መያዝ አይችልም። እርጥበቱን ለማወቅ አንድ ጭብጥ ወስደው ይጭመቁት፤ በጣቶችዎ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልኩ ነው፣ ከፈሰሰ ገለባ ይጨመር፣ ምንም ካልወጣ ውኃ ይረጭ። ሙቀቱን ለማወቅ ደግሞ አንድ ፌሮ በክምሩ መካከል ሰክተው አሥር ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ ሲያወጡት ጫፉ በእጅ ለመያዝ የሚያቃጥል ከሆነ ሥራው በደንብ እየሄደ ነው። ተፈላጊው ሙቀት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ይህ ሙቀት ለ15 ቀናት ያህል እንዲቆይና የውጪው ክፍል ወደ ውስጥ እንዲገባ ክምሩ በየሦስትና አራት ቀኑ ይገላበጥ። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካወጣ ናይትሮጅኑ እያመለጠ ስለሆነ ገለባ ይታከልበት። ሙቀቱ ከበረደ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ተሸፍኖ ሲቆይ፣ የመጀመሪያ ዝናብ እንደነካው አፈር የሚሸትና በእጅ ሲዘገን የሚፈረፈር ጥቁር ፍግ ይሆናል። የዶሮ ኩስ በናይትሮጅን እጅግ የበለጸገ በመሆኑ ሳይብላላ ከተክል ሥር ከዋለ ሥሩን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ገለባው ከላም እበቱ በላይ ይብዛለት።

ኩበት መጠፍጠፍ የቆየ ልማድ ነው፤ ማገዶ በጠፋበትም ሰውን መውቀስ አይቻልም። ነገር ግን ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና ለአፈሩ የሚበጀው ብስባሽ በጭስ ይሄዳሉ፣ ጭሱም የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል። አራት ያህል ከብት ያለው ቤተሰብ እበትና ውኃ በእኩል መጠን ተበጥብጦ ለማገዶ የሚሆን ጋዝ የሚወጣበትን የባዮጋዝ ማብላያ ቢያስገባ ማገዶውንም ፍጉንም ያገኛል፤ ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ግን ጠንካራ ማዳበሪያ ስለሆነ ወደ ቦይ አይለቀቅ።

ፍጉ ወደ ማሳ የሚወጣው መሬቱ ለእርሻ ሲዘጋጅ ነው፤ በተበተነበት ዕለትም በማረሻ ከአፈር ጋር መቀላቀል አለበት። ከባድ ዝናብ ሲያንዣብብ ወይም መሬቱ ውኃ ጠግቦ ሳለ መበተን ፍጉን ለጎርፍ መስጠት ነው። በሐይቁና በወንዙ ዳር ያለው የደንገልና የሣር ቀበቶ ሳይታረስ ቢቀር ከማሳ የሚወርደውን ደለልና ፍግ ያጣራል፤ በጥቂት ተጨማሪ መሬት ጉጉት እሱን ቆርጦ ማረስ ከፍተኛ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። እንደ ሰላጣና ካሮት ያሉ ጥሬያቸውን የሚበሉና አፈር የሚነካቸው አትክልቶች ያልተብላላ እበት ካገኙ፣ እበቱ ከተጨመረበት ቀን እስከ መልቀሚያው ቢያንስ አራት ወር መቆየት ይኖርበታል።

እበት ለማንሳት የዋለው አካፋና ባልዲ ለመኖ ወይም ለመጠጥ ውኃ አይዋል። እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ላሟም ከመታለቧ በፊት ጡቷ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ።