ሃይኩ ላይ የዩኤስቢ ኪቦርድ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ከመሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሃይኩ የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ያዋጣል። ዝቅተኛ መስፈርቱ 384 ሜጋባይት ራም ስለሆነ ዊንዶውስ 10 የከበደው ማሽን በሃይኩ ቀልጠፍ ብሎ ይሠራል። ችግሩ ተጠቃሚው ጥቂት መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ ኪቦርዱ እምቢ ያለው ሰው የሚጠይቀው ባለሙያ በቀላሉ አያገኝም፤ ስለዚህ ወይ ኪቦርዱን ይጥላል፣ ወይ ሲስተሙን እንደ አዲስ ይጭናል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አያስፈልጉም።

ከሁሉ በፊት ኪቦርዱ መሥራት የሚያቆመው የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ። ማሽኑን አብርታችሁ ወዲያው ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የሚለውን ቁልፍ እየነካካችሁ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ ከሲስተሙ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም ውስጥ ግቡ። እዚያ ቀስቶቹ የሚታዘዙ ከሆነ ኪቦርዱም ገመዱም ደህና ናቸው። ባዮስ ውስጥም ካልሠራ ሃይኩን አትውቀሱ፤ ሌላ ሶኬት ላይ ሰኩት፣ ከዚያም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። ይህን ሳትለዩ ሌላ ነገር አትነካኩ።

ባዮስ ውስጥ ይሠራል፣ የሃይኩ ቡት ሜኑ ላይ አይሠራም

ቡት ሜኑው፣ ማለትም የሃይኩ የማስነሻ ምርጫዎች ዝርዝር፣ የሚመጣው የሃይኩ የዩኤስቢ ድራይቨሮች (መሣሪያውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባቡት ፕሮግራሞች) ገና ሳይነሱ ነው። በዚያ ሰዓት ኪቦርዱን የሚያስተዳድረው ባዮሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ባዮስ ውስጥ አድቫንስድ በሚለው ገጽ፣ ዩኤስቢ ኮንፊገሬሽን ሥር ሌጋሲ ዩኤስቢ ሰፖርት የሚለውን ፈልጋችሁ ኢነብልድ አድርጉና በኤፍ 10 ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ሜኑውን ለመጥራት በአሮጌ ባዮስ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ፣ በኢኤፍአይ (አሮጌውን ባዮስ የተካው አሠራር) ማሽን ደግሞ ስፔስን ደጋግሞ መምታት ነው። አንዱን በሌላው ቦታ ሞክሮ «ኪቦርዱ ሞቷል» የሚል ሰው ብዙ ነው።

አስተካክላችሁት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ችግሩ ከተመለሰ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ማሽኑ ከመብራት ሲለያይ ባዮሱ ያስተካከላችሁትን ረስቶ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። ሰዓቱንም እዩ፤ ዓመቱ ወደ ኋላ ሄዶ ከሆነ ጥርጣሬ አይኑራችሁ። ሰዓቱ ሲዛባ ብሮውዘሩም ድረ ገጾችን ለመክፈት ስለሚያስቸግር ሰው ኢንተርኔቱን ይወቅሳል። የባትሪዋ ዓይነት ሲአር 2032፣ 3 ቮልት ነው። የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ የማብሪያ ቁልፉን 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አፍስሱ፣ መያዣዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ አውጧት፣ አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አስገቡ። አሮጌዋ በቴስተር ከ2.7 ቮልት በታች ካነበበች መልሳችሁ አታስገቧት። ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ሰዓቱንም ሌጋሲ ዩኤስቢውንም እንደገና አስተካክሉ።

ዴስክቶፑ እስኪመጣ ይሠራል፣ ከዚያ ዝም ይላል

አሁን ባዮሱ ኪቦርዱን ለሃይኩ አስረክቧል፤ የተበላሸው ርክክቡ ላይ ነው። የዩኤስቢ ማውስ በዚያው ሶኬት ላይ ሰኩ። ማውሱ ከሠራ ሶኬቱ ደህና ነው፤ ኪቦርዱን ወደ ሌላ ሶኬት አዛውሩ። ማውሱም ዝም ካለ ችግሩ የሶኬቱ ተቆጣጣሪ (ኮንትሮለር) ነው። ሰማያዊ ምላስ ያለው ሶኬት ዩኤስቢ 3 ስለሆነ የሚመራው በኤክስኤችሲአይ ድራይቨር ነው። የአሮጌ ማዘርቦርድ ጥቁር ሶኬት ግን ኪቦርድ ሲሰካበት ብዙውን ጊዜ ዩኤችሲአይ ወይም ኦኤችሲአይ ለሚባሉት የቀድሞ ተቆጣጣሪዎች ያስተላልፈዋል፤ መንገዱ ሌላ ነው። ስለዚህ ከፊት ሶኬትና ከሃብ (አንዱን ሶኬት ወደ ብዙ ከሚያበዛው ዕቃ) አውጥታችሁ ከኋላ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ ካለው ጥቁር ሶኬት ላይ ሰኩት። ካልሆነ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤችሲአይ ሃንድ ኦፍ (ርክክቡን የሚወስነውን) የሚለውን አሁን ካለበት ወደ ተቃራኒው ለውጡና ሞክሩ።

ማውስ ብቻ እያላችሁም መመርመር ይቻላል። የቡት ዲስኩን ከፍታችሁ ሲስተም፣ ቫር፣ ሎግ የሚሉትን ፎልደሮች ተከትላችሁ ሲስሎግ የሚለውን ፋይል በሁለት ክሊክ ክፈቱ። ዩኤስቢ ኤረር የሚል መስመር ካለ ቀጥሎ የተጻፈውን የተቆጣጣሪ ስም አንብቡ፤ የቱን ሶኬት መሸሽ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ማሽኑ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ክብ የኪቦርድ ሶኬት ካለው፣ ፒኤስ 2 ኪቦርድ አንድ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ይበጃል። ሲሰካም ሲነቀልም ግን ማሽኑ መጥፋት አለበት።

አንድ ፊደል ራሱን ይደጋግማል ወይም አልፎ አልፎ ይዘላል

ፕሪፈረንስስ (የሃይኩ ማስተካከያዎች) ውስጥ የቁልፎችን አቀማመጥ የሚወስነውን ኪይማፕን ክፈቱ። ስክሪኑ ላይ የተሳለው ኪቦርድ የምትጫኑትን ቁልፍ እየለየ ያሳያል። እጃችሁን አንስታችሁም ተጭኖ የሚታይ ቁልፍ ካለ ተጣብቋል። በእኛ አካባቢ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የገብስ ቆሎ ገለባ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ኪቦርዱን ንቀሉ፣ ገልብጣችሁ አራግፉ፣ የቁልፉን ክዳን በቀስታ ወደ ላይ አውጡ፣ በጥጥ ላይ ትንሽ የፋርማሲ አልኮል አድርጋችሁ ጥረጉ። አረቄ አይተካውም፤ ውኃው ብዙ ነው። 70 በመቶው አልኮልም ውኃ ስላለው፣ መልሳችሁ ከመሰካታችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ጣርማ በር አካባቢ ክረምት በጉም ለሚያልፍበት ቤት የገመዱን ጫፍም እዩት፤ አረንጓዴ ካወጣ በዚያው አልኮል ጥረጉት።

ሁሉም ቁልፍ የሚደጋግም ከሆነ ቆሻሻ አይደለም። ኢንፑት የሚለውን ፕሪፈረንስ ከፍታችሁ መደጋገም ከመጀመሩ በፊት ያለውን መዘግየት ጨምሩ።

ኮንትሮል ሲ ኮፒ አያደርግም

ይህ ብልሽት አይደለም። ሃይኩ ላይ ኮፒ የሚደረገው በኦልት ሲ፣ ፔስት በኦልት ቪ ነው፤ ሃይኩ ፈለጉን ከተከተለው የቀድሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከቢኦኤስ የወረሰው ነው። የዊንዶውስ ልማድ ካስቸገረ ኪይማፕ ውስጥ ሾርትከቶቹን ወደ ዊንዶውስና ሊነክስ ሞድ የሚቀይር ቁልፍ አለ። አንድ ማሽን በብዙ ሰው የሚነካበት የጽሕፈት ቤት ከሆነ ገና ሲጫን ቢቀየር ይሻላል።

የኢሜይል ምልክቱና (@) የጥቅስ ምልክቱ (") ቦታ ከተለዋወጡ ደግሞ ኪይማፑ የእንግሊዝ ነው፤ ወደ አሜሪካ መልሱት።

እየተነቀለ ይመለሳል

ገመዱን ከኪቦርዱ በሚወጣበት አንገት ላይ ወዲያ ወዲህ አድርጉት። ስታጎብጡት የኪቦርዱ መብራት ብልጭ ካለ ውስጡ ተበጥሷል። ገመዱ ውስጥ አራት ሽቦ አለ፦ ቀይ 5 ቮልት፣ ጥቁር ግራውንድ፣ ነጭና አረንጓዴ ዳታ። የተበጠሰውን ክፍል ቆርጣችሁ ቀለም ከቀለም አገናኝታችሁ በየዱ። ከበየዳችሁ በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው ሸፍኑ፤ ቀይና ጥቁር ከተነካኩ ሶኬቱን ሊጎዳ ይችላል።

ገመዱ ደህና ከሆነ ኃይሉን እዩ። የዩኤስቢ 2 ሶኬት እስከ 500 ሚሊአምፒር ይሰጣል፤ የራሱ አዳፕተር የሌለው ሃብ ግን ለእያንዳንዱ ቀዳዳ 100 ብቻ ነው የሚያካፍለው። መብራት ያላቸው ኪቦርዶች ለዚህ ነው ሃብ ላይ የሚንገዳገዱት። የኬዙ ብረት እጅ የሚነዝር ከሆነ ደግሞ የግድግዳው ሶኬት የምድር ሽቦ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ኤሌክትሪሺያን አስጠሩ እንጂ በኪቦርድ ቅያሬ አትልፉት። ገመድ አልባ ኪቦርድ ከሆነና ተቀባዩ ሰማያዊው ሶኬት ላይ ከተሰካ፣ የዩኤስቢ 3 ረብሻ 2.4 ጊጋኸርዙን ያውካል፤ ተቀባዩን በማራዘሚያ ገመድ ከማሽኑ አርቁት።