ልምድ ያለው የጥገና ባለሙያ ኦቶሜሽን ሲማር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለፒኤልሲ (ማሽንን በፕሮግራም የሚያዝ የፋብሪካ ኮምፒውተር) ኮርስ የሚመጡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ጀማሪዎች አይደሉም። ሞተር ጠቅልለዋል፣ የኮንታክተር ፓናል ከባዶ ሳጥን ጀምረው ገጥመዋል፣ እኩለ ሌሊት በስልክ ተጠርተው የቆመ መስመር አስነስተዋል። አንዳንዶቹ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ፋብሪካ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ የሚሳሳቱት ጀማሪ በሚሳሳትበት ቦታ አይደለም። ወይ ዕድሜ ልካቸውን ያካበቱትን በር ላይ ጥለው ይገባሉ፣ ወይ ደግሞ በሪሌይ ዘመን፣ ማለትም ከፒኤልሲ በፊት፣ ያልጎዳቸውን ልማድ ሳይመረምሩ ይዘውት ይገባሉ። ዙር በመጣ ቁጥር ደጋግሜ ያየኋቸውን እዚህ እጽፋለሁ።

ላፕቶፕን ከመልቲሜትር በፊት መክፈት

ማሽን ሲቆም ኮርስ የወሰደ ሰው ወዲያው ላፕቶፑን ያወጣል። እባካችሁ ቆይ! ሦስት ዓመት ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም በአንድ ሌሊት ራሱን አይቀይርም። የሚቀየረው ሴንሰሩ ነው፣ የተፈተገ ኬብል ነው፣ የላላ ብሎን ነው፣ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ነው። ፒኤልሲው ላይ በእያንዳንዱ ኢንፑት አጠገብ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለች። መጀመሪያ እሷን እዩ። ቀጥሎ 24 ቮልቱን ለኩ። ብዙዎቹ የሲመንስ ሞጁሎች ከ20.4 እስከ 28.8 ቮልት ነው የሚቀበሉት፤ ሰፕላዩ ጭነት ሲበዛበት ወደ 19 ከወረደ ማሽኑ አንዴ እየሄደ አንዴ እየቆመ ያደክማችኋል፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ግን ምንም አታገኙም።

ባለፈ አንድ ዙር ላይ ከሃምሳ ዓመት ያለፉ አንድ ሰው ነበሩ። የሞተር ኩሽኔታ መበላቱን ካቻቪቴ ጆሯቸው ላይ ደግፈው በድምፁ የሚለዩ ናቸው። ኮርሱ ላይ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከኋላ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ “ላፕቶፕ የእናንተ የልጆቹ ነው” አሉኝ በሻይ ሰዓት። በሦስተኛው ቀን በልምምድ ኮንቬየሩ ላይ የፎቶሴሉን (በብርሃን ዕቃ የሚለየውን ሴንሰር) ሽቦ ተርሚናል ውስጥ ሆን ብዬ አላላሁትና “ማሽኑ ለምን ይቆማል?” አልኳቸው ለሁሉም። ወጣቶቹ ላፕቶፕ ከበው ላደሩን (ፕሮግራሙ የሚጻፍበትን የመሰላል ቅርጽ ንድፍ) ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ታይመር ሊቀይር ደርሶ ነበር። እሳቸው ከፒኤልሲው ፊት ቆመዋል። “ልጄ፣ ይቺ አራተኛዋ መብራት ሮለሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ድርግም ትላለች” አሉ። ተርሚናሉን አጠበቁት፣ ኮንቬየሩ ሄደ። “ጋሼ፣ ላፕቶፕ የልጆች ነው ያሉት ይሄን ነው?” አልኳቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ከፊት ወንበር ነው የተቀመጡት፤ ኮርሱ ሲያልቅ ላደር ከሚያነቡት ጎበዞች አንዱ ሆኑ።

ያለውን ሳያስቀምጡ አዲስ መጫን

ይሄኛውን ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ፣ እኔም ሠርቼዋለሁና።

ከዓመታት በፊት በአንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበርኩ። የመሙያ ማሽኑ የሚሠራው ኤስ7-300 በሚባል የሲመንስ ፒኤልሲ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ጠርሙስ መግቢያው ላይ መጨናነቅ ተፈጠረና አንድ ታይመር በግማሽ ሰከንድ ማራዘም እንዳለብኝ ገባኝ። ምርመራዬ ልክ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮጀክት ማሽኑ ሲተከል ከሲዲ የተገለበጠው ነበር፣ ሁለት ዓመት ያለፈው። ታይመሩን ቀየርኩ፣ ሁሉንም ብሎኮች (የፕሮግራሙን ክፍሎች) መርጬ ዳውንሎድ አደረግሁ። “ያለውን ልተካው?” ብሎ ጠየቀኝ። “አዎ ለሁሉም” የሚለውን ተጫንኩ።

ማሽኑ ተነሳ። ጠርሙሱ ግን እየሞላ ይፈስሳል፣ ክዳኑ ጠምሞ ይገባል፣ ኮንቬየሮቹ እርስ በርስ ፍጥነታቸው አይገናኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ኦፕሬተሮች በስክሪኑ ላይ ጥቂት በጥቂት እያስተካከሉ ያደረሱት የመሙያ ጊዜ፣ የፍጥነት፣ የክዳን ማጥበቂያ ቁጥር ሁሉ ዳታ ብሎክ በሚባለው የፕሮግራሙ የቁጥር ማከማቻ ውስጥ ነበር የተቀመጠው። እኔ በላዩ ላይ የሲዲውን አሮጌ ቁጥር ጫንኩበት።

ጠዋት የገባችው ኦፕሬተር ስታየኝ አልጮኸችም። ከጋዋኗ ኪስ ለሁለት የታጠፈ ደብተር አወጣች። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በራሷ አጻጻፍ፣ የግማሽ ሊትሩንና የአንድ ሊትሩን ቁጥሮች ከነቀናቸው መዝግባ ይዛለች። ሁለቱን መጠኖች በአንድ ሰዓት መለስን። የሁለት ሊትሩን አልጻፈችውም ነበር፤ እሱን በሙከራ ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብን።

አሁን ነገሩን በትክክል ላስረዳ። በኢንተርኔት ቋንቋ ዳውንሎድ ማለት ወደ ራሳችን ማውረድ ነው፤ በፒኤልሲ ግን ዳውንሎድ ከላፕቶፕ ወደ ፒኤልሲ መላክ ነው፣ ከፒኤልሲ ወደ ላፕቶፕ ማምጣቱ ነው አፕሎድ። አቅጣጫው ተገልብጦባቸው ባዶ ፕሮጀክት የላኩ ሰዎች አውቃለሁ። ዳታ ብሎክ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ያስቀመጠው የመነሻ ቁጥርና ማሽኑ አሁን እየሠራበት ያለው ቁጥር። ብሎኩን ስትጭኑ ሁለተኛው ይጠፋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አፕሎድ፣ ቀንና ሰዓት ያለው ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ። ቀጥሎ ላፕቶፑ ላይ ያለውንና ፒኤልሲው ውስጥ ያለውን ማወዳደር፤ ይህን ሶፍትዌሩ ራሱ ይሠራላችኋል። ልዩነት ካለ ለምን እንደተለያየ ሳታውቁ ወደፊት አትሂዱ። ከዚያ የቀየራችሁትን አንዱን ብሎክ ብቻ ላኩ። በቲያ ፖርታል (የሲመንስ ፕሮግራም መጻፊያ ሶፍትዌር) ከሆነ የዳታ ብሎኩን የወቅቱን ቁጥር ስናፕሾት አንስታችሁ ወደ መነሻ ቁጥሩ መገልበጥ ትችላላችሁ፤ ብሎኩ እንደገና ይጀመራል የሚል ማስጠንቀቂያ ካወጣ ግን እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኤስ7-300 አፕሎድ ስታደርጉ የሚመጣው ደረቅ ኮድ ነው፤ የኢንፑቶቹ ስምና ማብራሪያው አብሮ አይመጣም። ስለዚህ አዲስ ማሽን ስትረከቡ ሙሉ ፕሮጀክቱን ከነማብራሪያውና ከነይለፍ ቃሉ ጠይቁ። ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት! ከተፈረመ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

ስቶፕ በተንን በኤንኦ (ሳይነካ ክፍት በሆነ ኮንታክት) መግጠም

ይሄ በኮንታክተር የሰለጠኑትን ሁሉ ግራ ያጋባቸዋል። በሪሌይ ንድፍ ላይ ስቶፕ ዝግ ኮንታክት ሆኖ ይሳላል። ስለዚህ ላደር ሲጽፉም ዝግ ይስላሉ፤ ያኔ ማሽኑ አይነሳም። መፍትሄ ብለው ሽቦውን ወደ ክፍቱ ኮንታክት ያዛውሩታል። ማሽኑ ይነሳል፣ ይቆማል፣ ደስ ይላቸዋል።

እኔ እዚህ ላይ ፒንሳ አነሳና የስቶፑን ሽቦ እቆርጠዋለሁ። “አሁን አቁሙት” እላለሁ። አይቆምም። ሽቦው በአይጥ ቢበላ፣ ተርሚናሉ ቢላላ የእናንተም ማሽን እንዲሁ አይቆምም። በተኑ ላይ ያለው ኮንታክት ዝግ መሆን አለበት፤ ያኔ ኢንፑቱ ሁልጊዜ 1 ነው፣ ላደር ላይ ደግሞ ክፍት ኮንታክት ትስሉለታላችሁ። ሽቦው ሲቆረጥ ኢንፑቱ 0 ይሆናል፣ ማሽኑ ይቆማል። ድንገተኛ ማቆሚያው ግን በፕሮግራም ብቻ አይሠራም፤ ለሰው ደህንነት በተሠራ ሴፍቲ ሪሌይ ወይም ሴፍቲ ፒኤልሲ ነው የሚያልፈው።

ሴፍቲ ሪሌይ ላይ ጃምፐር ማድረግ (ጥበቃውን በሽቦ ማለፍ)

አታድርጉት። ፕሮዳክሽን ቢጮህ፣ ሥራ አስኪያጁ አጠገባችሁ ቆሞ ሰዓቱን ቢያይ፣ “ለአምስት ደቂቃ ብቻ” ቢባል አታድርጉት። ያ ጃምፐር ለወራት ተረስቶ እዚያው ሲቀር አይቻለሁ። ጣት የሌለው ጓደኛም አለኝ።

0 ሚሊ አምፔርን እንደ ዜሮ ግፊት ማየት

380 ቮልት ሲለካ ለኖረ ሰው ሚሊ አምፔር ትንሽ ነገር ይመስለዋል። 0 ከሆነ ግፊት የለም ብሎ ያልፋል። የግፊት ትራንስሚተር (ግፊትን ለክቶ በጅረት የሚልክ መሳሪያ) ከ4 እስከ 20 የተባለው ለዚሁ ነው፤ ምንም ግፊት ከሌለ 4 ይመጣል፣ 0 ከመጣ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ትራንስሚተሩ ኃይል አላገኘም። ከ0 እስከ 10 ባር የሚለካ ትራንስሚተር 12 ሚሊ አምፔር ከሰጠ 5 ባር ነው፤ 4ን ቀንሱ፣ ለ16 አካፍሉ፣ በ10 አባዙ። በሲመንስ ፒኤልሲ ውስጥ 20 ሚሊ አምፔሩ 27648 ሆኖ ይታያል፣ 12ቱ ደግሞ 13824። ስክሪኑ ላይ ያለው ባር ከዚህ ጋር ካልተስማማ ስኬሊንጉ (ቁጥሩን ወደ ባር የሚቀይረው ስሌት) ነው የተሳሳተው፣ ትራንስሚተሩን አትንቀሉት።

ለክታችሁ ስትጨርሱ ቀዩን የመልቲሜትር ገመድ ከአምፔር ቀዳዳ ወዲያው አውጡት። እዚያው ረስታችሁት 380 ብትነኩበት ባልቦላው ከተቃጠለ ዕድለኞች ናችሁ።

ሜገርን ድራይቩ ሳይነቀል መጠቀም

ሞተር ሲጠረጠር ሜገር (ኢንሱሌሽንን በከፍተኛ ቮልት የሚለካ መሳሪያ) ማውጣት ጥሩ ልማድ ነው። ድራይቩ (የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ላይ እንደታሰረ 500 ወይም 1000 ቮልት ከላካችሁ ግን የድራይቩን ትራንዚስተሮች ታቃጥላላችሁ። ዩ፣ ቪ፣ ደብሊውን ከድራይቩ ንቀሉ፣ ከዚያ ሞተሩን ብቻ ለኩ። ብሬከሩን ከጣላችሁ በኋላም ወዲያው አትንኩ፤ ከ380 ቮልት የሚመገብ ድራይቭ ውስጥ ኮንደንሰሮቹ ወደ 540 ቮልት ዲሲ ይዘው ይቆያሉ። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያም ለክታችሁ አረጋግጡ።

ከፍታን መርሳት

ይህን ከውጭ የሚመጣ አሠልጣኝ ብዙ ጊዜ አያነሳውም፣ እሱ የሚሠራው ባሕር ወለል አጠገብ ነውና። አየር ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ይቀንሳል። አብዛኞቹ የድራይቭ ማኑዋሎች ከ1000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር 1 በመቶ ያህል ጅረት ቀንሱ ይላሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ 13 በመቶ ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ 18 በመቶ። ሳጥኑ ላይ 60 አምፔር የተጻፈበት ድራይቭ ደብረ ብርሃን ላይ 49 አምፔር ገደማ ነው ማለት ነው። የ30 ኪሎ ዋት ሞተር በሙሉ ጭነት ወደ 55 ይስባል። ከዚያ ድራይቩ በየከሰዓቱ በሙቀት ይጠፋል፣ ሰዉ ፕሮግራሙን ይረግማል።

ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ፤ የፓናሉ በር ይከፈትና ፊት ለፊቱ ቬንቲሌተር ይቆማል። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥጡ፣ በዱቄት ፋብሪካ ዱቄቱ፣ በሲሚንቶ አቧራው ተጠርጎ ድራይቩ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ የከፈትኩት ድራይቭ የማቀዝቀዣ ክንፎቹ መካከል ጥጥ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር። በሩን ዝጉ፣ የፓናሉን ፊልተር አጽዱ፣ ድራይቩን ስትገዙ አንድ መጠን ከፍ አድርጉ።

አጫጭሮቹ

ከመርካቶ ሴንሰር ስትገዙ ፒኤንፒ ነው ወይስ ኤንፒኤን (ምልክቱን በፕላስ ነው ወይስ በማይነስ የሚሰጠው) የሚለውን ሳታረጋግጡ ብር አትክፈሉ፤ ቅርጹም፣ ቡናማ፣ ሰማያዊና ጥቁር ሽቦውም አንድ ነው፣ የሚለየው ሞዴል ቁጥሩ ላይ ነው።

ፎርስ ያደረጋችሁት (በላፕቶፕ አስገድዳችሁ 1 ወይም 0 ያደረጋችሁት) ኢንፑት ላፕቶፑን ስትነቅሉ አብሮ አይነቀልም። ኤስ7-300 ላይ ቢጫዋ የፎርስ መብራት በርታ ጥላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ።

እንደ ኤስ7-400 ባትሪ ያላቸውን ፒኤልሲዎች ባትሪ የምትቀይሩት ኃይል እንደበራ ነው። አጥፍታችሁ ከነቀላችሁት ሜሞሪው ውስጥ ያለው ሊጠፋ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ፋብሪካ ደግሞ የባትሪውን ማስጠንቀቂያ ለነገ የሚባል ነገር አታድርጉት።

ፕሮፊባስ ላይ መካከል ያለውን ኮኔክተር ኦን ማድረግ

ፒኤልሲውን ከሌሎች መሳሪያዎች ጋር የሚያገናኘው ሐምራዊው የፕሮፊባስ ኬብል ሁለት ጫፍ አለው፤ ተርሚኔተሩ (ኮኔክተሩ ውስጥ ያለው የመጨረሻ ሬዚስተር) ኦን የሚሆነው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው። በተለመደው የሲመንስ ኮኔክተር ላይ ማብሪያውን ኦን ስታደርጉ የሚወጣው ኬብል ይቋረጣል። መካከል ላይ ያለ አንድ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ኦን ቢያደርገው ከኋላው ያሉት ጣቢያዎች በሙሉ ይጠፋሉ፣ እናንተ ደግሞ ሦስት ካርድ ትቀይራላችሁ። ኃይል አጥፍታችሁ፣ ኮኔክተሮቹን ከመሳሪያዎቹ ነቅላችሁ፣ በኤ እና በቢ መካከል ለኩ፤ ሁለቱ 220 ኦሞች ጎን ለጎን ሆነው 110 ኦም ገደማ መምጣት አለበት። 220 ከመጣ አንዱ ጫፍ የለም ማለት ነው። ፍጥነቱ 12 ሜጋ ቢት በሰከንድ ከሆነ የአንድ ክፍል ኬብል ከ100 ሜትር አይለፍ።

ከኮርሱ በባዶ እጅ መመለስ

ሰርተፊኬቱን ይዞ ተመልሶ፣ ፋብሪካው ውስጥ ላፕቶፕ የለም፣ የመገናኛ ኬብል የለም፣ ሶፍትዌሩ በአንድ የለቀቀ ኢንጂነር ስም ነው። ከስድስት ወር በኋላ የተማረው ይተናል። ኮርስ ከመምጣታችሁ በፊት ከአለቃችሁ ጋር ይህን ጨርሱ። ስትመለሱ በመጀመሪያው እሑድ፣ መስመሩ ለጽዳት ሲቆም፣ የእያንዳንዱን ፒኤልሲ ሞዴል ጻፉ፣ አፕሎድ አድርጉ፣ በሁለት ፍላሽ አስቀምጡ፤ አንዱን ፓናሉ አጠገብ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ቆልፉበት። ከዚያ ወደ ኦፕሬተሯ ሂዱና ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች የምትጽፍበት ደብተር እንዳላት ጠይቋት። ከሌላት ግዙላት።