ዘፈን ስታወዳድሩ ትዝታን ከትዝታ ጋር

ከጓደኞቻችሁ ጋር ለዘፈን ደረጃ የማውጣት ጨዋታ ትወዳላችሁ? ከመጀመራችሁ በፊት ዘፈኖቹን በቅኝት፣ ማለትም ዜማቸው በተሠራበት የድምፆች ስልት፣ ለዩ። ትዝታን ከትዝታ፣ ባቲን ከባቲ፣ አምባሰልን ከአምባሰል፣ አንቺሆዬን ከአንቺሆዬ። የጥላሁን ገሠሠን ትዝታ ከሞቀ የሰርግ ጭፈራ ጋር አጋጥሞ "የቱ ይበልጣል?" ማለት ሁለቱንም መበደል ነው።

ነጥቡንም ለሦስት ክፈሉት፤ ለድምፅ፣ ለግጥም፣ ለቅንብር። እኔና የልብ ጓደኛዬ ለዓመታት የተከራከርነው እሱ ግጥሙን፣ እኔ ሳክስፎኑን ስለምንሰማ እንደሆነ የገባን ያኔ ነው።

አሁን ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠ ሰው ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ አንዴ ይደግመዋል። የወደደው ደግሞ የቷን ስንኝ ልብ ብሎ እንዲሰማ ይነግረዋል። በዚህ መንገድ ስንቱን ዘፈን ወደድኩት መሰላችሁ!