የቻይና ሲሞኖቭ ጠመንጃ ጥራትና የዳግም ሽያጭ ዋጋ አመዛዘን

ቻይናውያን ከሶቪየቱ ንድፍ ቀድተው ዓይነት 56 የሚሉት ሲሞኖቭ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ በገፍ ሲገባ ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይሸጥ ስለነበር፣ ገዢዎቹ እንደ ተራ ዕቃ ቆጥረው የእንጨት ሰደፉን በፕላስቲክ ቀየሩት፤ ሳንጃውንም ነቅለው ጣሉት። በ1994 የአሜሪካ መንግሥት የቻይና ጠመንጃዎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ዛሬ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ማንም ሳይነካካው የቆየው ነው።

ጠመንጃውን ስትረከቡ መቀርቀሪያውን ከፍታችሁ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። ቀጥሎ በአካሉ በግራ በኩል የተቀረጸውን ተከታታይ ቁጥር በመቀርቀሪያው፣ በላይኛው ክዳን፣ በቃታው ከለላ፣ በጥይት መያዣውና በሰደፉ ላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር አስተያዩ። ቁጥሮቹ አንድ ሆነው የአንዱ አቀራረጽ ከሌሎቹ ከተለየ፣ ክፍሉ ተለውጦ ቁጥሩ በኋላ የተጻፈበት ሊሆን ይችላል። በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ 26 የሚል ምልክት በቻይና የቾንግቺንግ ከተማውን የጂያንሼ ፋብሪካ ያመለክታል።

እንጨቱ አዲስ መስሎ ሲያብረቀርቅ እኔ ይበልጥ እጠራጠራለሁ። ጥፍራችሁን እንጨቱና ብረቱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ስትጎትቱ እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ በአሸዋ ወረቀት ተፍቋል ማለት ነው፤ ይህም ከጥቂት ጭረት ይልቅ ዋጋውን ይጎዳል።

የጥራቱ ዋና ፈተና ግን ዝገት ነው። አብዛኞቹ ለጦር ሠራዊት የተሠሩት የበርሜላቸው ውስጥ በክሮም የተለበጠ ሲሆን፣ የጋዝ መውጫው ክፍል እንዲህ ያለ መከላከያ ስለሌለው፣ የድሮው የጦር ጥይት መለኮሻ የሚተወው ጨው እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ በርሜሉ እንደ መስተዋት ቢያበራም የጋዙን ቱቦ አውልቃችሁ የፒስተኑን ጫፍ ካላያችሁ አትዋዋሉ። መቀርቀሪያውንም ነጥላችሁ ነቅንቁት፤ የመምቻው መርፌ ወዲያና ወዲህ ሲል ሊሰማ ይገባል፤ ካልተሰማ ለዓመታት የደረቀ ግራሶ ይዞታል፤ እንዲህ ያለው ጠመንጃ ሳይጸዳ ከተተኮሰ ቃታ ሳይሳብ በራሱ ሊባርቅ ይችላል።

ቀደምቶቹ የስለት ሳንጃ ነበራቸው፤ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት ሹል ወስፌ መሰል ሆነ። በጥርስ ተጠምዝዞ የገባ በርሜል፣ በኋላ በግፊት ገብቶ በፒን ከተያዘው ይልቅ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይመረጣል። የክላሽ ካርታ የሚቀበሉት፣ ለገበያ ተብለው የተሠሩት ዲ እና ኤም የተባሉት ዓይነቶችም ከተራው ይወደዳሉ፤ ባለቤቱ በቤቱ ያሻሻለው ግን ከእነዚህ አይቆጠርም።

የ1968ቱ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ አስመጪዎች ስማቸውን እንዲቀርጹ ስለሚያዝ፣ ይህ ምልክት የሌለው ጠመንጃ ከቬትናም ጦርነት በወታደር እጅ የመጣ ሊሆን ይችላል። የማረከው ወታደር የተሰጠው ወረቀት አብሮት ካለና ቁጥሩ ከገጠመ ዋጋው በጣም ይጨምራል፤ ወረቀት ከሌለ ግን ለሻጩ ታሪክ አትክፈሉ። ዋናው ተከታታይ ቁጥር የተፋቀ ከሆነ፣ መያዙ በራሱ በአሜሪካ ሕግ ስለሚያስቀጣ ዋጋውን መጠየቅም አያስፈልግም።

ዋጋ ስትተምኑ ሻጮች የሚጠሩትን ትታችሁ፣ ተመሳሳይ ሁኔታና ምልክት ያለው ጠመንጃ በጨረታ በእርግጥ የተሸጠበትን መነሻ አድርጉ፤ ከዚያ የጎደለውን ሳንጃና የማይገጥመውን ቁጥር ቀንሱ።