ጅማ ተቀምጦ ሱፐርኖቫ ማደን

ክረምት ሲገባ የጅማ ሰማይ ኮከብ አያሳይም፤ ደመና ብቻ ነው። ቴሌስኮፕም የለኝም። ያለኝ አሮጌ ላፕቶፕና የሞባይል ዳታ ነው። ሱፐርኖቫ፣ ማለትም ፈንድቶ በድንገት የሚደምቅ ኮከብ፣ ለማደን ይበቃል። ካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይ ያለው የዝዊኪ ቅኝት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰሜኑን ሰማይ በየጥቂት ሌሊቱ ፎቶ ያነሳል፤ ሰማዩ ላይ የተለወጠ ነገር ሲያይ የሚያወጣቸውን ማንቂያዎችም በነጻ ይለቃል።

መብራት ካልጠፋ ማታ ቡናዬን ይዤ እቀመጣለሁ። እያንዳንዱ ማንቂያ ሦስት ምስል አለው፦ አዲሱ፣ የድሮውና የሁለቱ ልዩነት። ልዩነቱ ላይ ጥርት ያለ ነጥብ ካየህ ገና አትጨፍር። በሌላ ሌሊትም እዚያው ታይቷል? አንዴ ብቻ ከሆነ አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር አለት) ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቦታ ይቀይራል። ወንድሜን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ያሳየሁት «ግኝት» አስትሮይድ ሆኖ አረፈው። እስካሁን ይስቅብኛል።

ነጥቡ የታየበት ጋላክሲ (ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ) መሃል ላይ ከሆነም ተጠራጠር። እዚያ ባለው ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ ያለው ጋዝ ብርሃኑን ይለዋውጣል። ከመሃሉ ርቆ በጋላክሲው ጠመዝማዛ ክንድ ላይ ከሆነ ግን ልብ ይመታል። ጃፓናዊው አማተር ኮይቺ ኢታጋኪ በ2023 ያገኘው ሱፐርኖቫ ኤም 101 በሚባለው ጋላክሲ ክንድ ላይ ነበር፤ 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል።

ከዚያ ለእንዲህ ያሉ ግኝቶች ስም የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ መዝገብ ፈትሽ። ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ቀድሞሃል። ካልተመዘገበ ቦታውን፣ ድምቀቱንና የምስሉን ባለቤት ሞልተህ ላክ። ስሙ መጀመሪያ «ኤቲ» ነው፤ ሱፐርኖቫ መሆኑ በስፔክትረም (ብርሃኑን በቀለማት በትኖ በማየት) ሲረጋገጥ «ኤስኤን» ይባላል። ሰዓቱን በግሪንዊች ጻፍ። የኛ ማታ 2 ሰዓት እዚያ 17፡00 ነው።